ድስቱ ለልጁ የሚያቀብለው

ሕፃን ልጅ ከማዕድ የሚያገኘው ንጥረ ነገር ከእህሉ፣ ከአትክልቱና ከሥጋው ብቻ አይመጣም። ምግቡ የተሠራበት ዕቃም የራሱን ያዋጣል። እሳት ላይ ለሰዓታት የሚንተከተክ ኮምጠጥ ያለ ወጥ ድስቱን በጥቂት በጥቂቱ ያሟሟል፤ የሟሟው ብረታ ብረት ወጡ ውስጥ ይገባል። መጠኑ በዓይን አይታይም፣ አብዛኛውን ጊዜ በምላስም አይለይም። ድስቱ ከጥቁር ብረት የተሠራ ከሆነ ወደ ወጡ የሚገባው ለልጁ ደም የሚያስፈልግ ማዕድን ነው። ምንነቱ ካልታወቀ ቁርጥራጭ ቀልጦ የተሠራ ከሆነ ግን እርሳስ ሊሆን ይችላል። የሕፃናት አመጋገብ ጥናት ለረጅም ጊዜ ሲመረምር የኖረው ምግቡን ነው። ድስቱን ማየት የጀመረው ዘግይቶ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ብዙ ከሚጠቀሱት አንዱ የተካሄደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

በአዲስ አበባ የድስት ነገር ከተነሣ ምን አለሽ ተራ ሳይነሣ አይቀርም። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ያለው ይህ ተራ የከተማዋ ያገለገለ ብረታ ብረት የሚሰበሰብበትና እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚገዛው ቆርቆሮ፣ ቂጡ የተቀደደ ባልዲ፣ የዘይት ጣሳ፣ የተሰበረ ድስትና አሮጌ የመኪና ዕቃ ብዙው መድረሻው እዚህ ነው። በርሜል ተቀዶ ይዘረጋል፤ ላሜራው በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ከሰል ምድጃ፣ መጥበሻ፣ የቡና መቁያ ምጣድ ይሆናል። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ ማድ ቤቱን የሚያሟላው ከዚህና ከመሰሎቹ ተራዎች ነው። ስለዚህ ብረቱ ከየት እንደመጣና በምን እንደተሠራ የሚነሣው ጥያቄ የገበያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የልጆች ጤናም ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መምታታት አስቀድሞ መጥራት አለበት። በቤት ውስጥ ብረት ድስት የሚባለው አብዛኛው ዕቃ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። በዚህ ምዕራፍ የጥቁር ብረት ድስት ወይም በአጭሩ የብረት ድስት ሲባል ማግኔት የሚስበው፣ ከባዱና የሚዝገው ዕቃ ማለት ነው። ሰውነት የሚፈልገው ማዕድን ደግሞ በጤና ጣቢያ እንደሚጠራው አይረን ይባላል።

ልጅ ሲወለድ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚወጣው የአይረን ስንቅ እስከ ስድስት ወሩ ገደማ ያደርሰዋል። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው አይረን በደንብ ከሰውነት ጋር የሚዋሃድ ቢሆንም ጥቂት ነውና ከዚያ በኋላ ብቻውን አይበቃም። ፍላጎቱ በአንጻሩ ሽቅብ ይወጣል። ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ላለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊግራም አይረን ይመከራል፤ ለአዋቂ ወንድ የሚመከረው 8 ሚሊግራም ነው። አባቱ ከሚፈልገው በላይ የሚፈልገው ይህ ልጅ የሚበላው ግን ጥቂት ማንኪያ ገንፎ ወይም አጥሚት ነው። በከተማ ልጆች ቁርስ ላይ የሚዘወተረው ሻይ ጉድለቱን ያባብሰዋል፤ በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ከዳቦውና ከጥራጥሬው የሚገኘውን አይረን አስሮ ሳይዋሃድ ከሰውነት እንዲወጣ ያደርገዋል። ሻይ በዳቦ ርካሽና ሞቅ ያለ ቁርስ መሆኑ አይካድም፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ግን መጥፎ ምርጫ ነው።

የጉድለቱ ዋጋ ከመገርጣትና ከመድከም ያልፋል። ሰውነት ያለውን አይረን አስቀድሞ ለቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያደርስ፣ ደም ማነስ በምርመራ ከመታየቱ በፊትም አንጎል ሊጎድልበት ይችላል። አሜሪካዊቷ የሕፃናት ሐኪም ቤትሲ ሎዞፍ በኮስታ ሪካ የጀመረችው ጥናት በጨቅላነታቸው ሥር የሰደደ የአይረን እጥረት የነበረባቸውን ልጆች እስከ 19 ዓመታቸው ተከታትሏል። ደማቸው በሕክምና ከተስተካከለ ከብዙ ዓመት በኋላም በአእምሮ ፈተና ከእኩዮቻቸው ኋላ ነበሩ። ጊዜው ካለፈ በኋላ የተሰጠ አይረን ደሙን ይሞላል፤ ያመለጠውን የአንጎል እድገት ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

ደም ማነስ የሚለካው በሂሞግሎቢን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በኖረው መለኪያ መሠረት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በዴሲሊትር ደም ከ11 ግራም በታች ካለው ደም ማነስ አለበት ይባላል። ይህ መለኪያ ግን በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ልጅ የተቀመጠ ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ተጨማሪ ሂሞግሎቢን ይሠራል፤ ስለዚህ በቀድሞው ስሌት በ2,000 ሜትር 0.8፣ በ2,500 ሜትር 1.3 ግራም ከውጤቱ ላይ ይቀነሳል። አዲስ አበባ በሁለቱ መካከል ያለች ከተማ ናት። በጅቡቲ ጤነኛ የሚባል ልጅ ያንኑ ውጤት ይዞ መርካቶ ቢመረመር ደም ማነስ አለበት ሊባል ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ስሌት የተሠራው የ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 57 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። በአዲስ አበባ 49 በመቶ ነበር። የቁመት እድገት ሲታይ ግን ሥዕሉ ሌላ ነው። ለዕድሜያቸው እጅግ አጭር የሆኑ፣ ማለትም የቀነጨሩ ልጆች በአገር አቀፍ ደረጃ 38 በመቶ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዋና ከተማዋ መቀንጨርን ከሌላው አገር በእጅጉ ብትቀንስም ደም ማነስን ግን ከአገሩ አማካይ እምብዛም አልራቀችበትም። በአማራ ክልል ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ መቀንጨር 46 በመቶ ደርሶ በአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ደም ማነስ 42 በመቶ ሆኖ ከክልሎች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ሁለቱ ችግሮች መንትያ ተደርገው ቢነገሩም ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። አንዱን የሚያቃልል መፍትሔ ሌላውን ያቃልላል ብሎ መጠበቅም ስሕተት ነው።

ለአማራ ክልል ዝቅተኛ ቁጥር አንዱ ማብራሪያ ጤፍ ነው። ጤፍ በተፈጥሮው ከስንዴ የተሻለ አይረን አለው፤ በአውድማ ላይ በከብት እግር ሲበራይ ደግሞ አይረን የበዛበት አፈር ይደባለቀዋል። ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር በአዲስ አበባ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው ጥናት ኢትዮጵያውያን በምግባቸው የሚያገኙት አይረን ከሚያስፈልጋቸው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል።  ከአፈሩ የሚመጣው አይረን ብዙ ቢሆንም የሚዋሃደው ጥቂቱ ነው። የእንጀራው እርሾ የእህሉን አይረን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ውሁድ በመሰባበር ያግዛል። በከተማ ጤፉ ታጥቦና ተበጥሮ፣ ከሩዝም ተደባልቆ ሲጋገር፣ ቁርሱም ወደ ፉርኖ ዳቦ ሲዞር ግን ያ ድጎማ ይቀራል።

ድስቱ ወደ ጉዳዩ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ተመራማሪው አብዱልአዚዝ አዲሽና ባልደረቦቹ ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ከእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ፣ በጠቅላላው 407 ኢትዮጵያውያን ልጆችን ያካተተ ነበር። ቤተሰቦቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ለአንዱ ወገን የጥቁር ብረት ድስት፣ ለሌላው የአሉሚኒየም ድስት ተሰጠ። ክኒን አልታደለም፣ የምግቡ ዓይነትም እንዲለወጥ አልተደረገም። ከ12 ወር በኋላ በብረት ድስት የተቀቀለ የበሉት ልጆች ሂሞግሎቢን በአማካይ በ1.7 ግራም ጨመረ፤ የአሉሚኒየሞቹ በ0.4 ብቻ። በመካከላቸው ያለው የ1.3 ግራም ልዩነት ብዙ ልጆችን ከደም ማነስ መስመር በላይ ለማውጣት የሚበቃ ነው። በቁመትም የብረት ድስት ልጆች በአማካይ 0.6 ሴንቲ ሜትር ቀድመዋል። በክብደት የታየው የ100 ግራም ልዩነት ግን በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነበር።

ውጤቱ በልክ ሊነበብ ይገባል። ስድስት ሚሊ ሜትር የቀነጨረን ልጅ ከመቀንጨር አያወጣም። መቀንጨር የሚመጣው በአብዛኛው ከምግብ ዓይነት ማነስ፣ ከተደጋጋሚ ተቅማጥና ከእናት ጤና ጉድለት ነው፤ ለዚህ ድስት መልስ አይሆንም። የሂሞግሎቢኑ ለውጥ ግን ጥናቱን ትልቅ ያደርገዋል፤ አንድ ጊዜ የተገዛ ዕቃ ማንም ክኒን ሳይቆጥርለት ዓመቱን ሙሉ ሠርቷልና።

ከመስኩ ሥራ ጎን የተደረገው የላቦራቶሪ ፍተሻ እምብዛም አይጠቀስም፤ ለማድ ቤት ግን ይበልጥ የሚጠቅመው እሱ ነው። ተመራማሪዎቹ የኢትዮጵያን ባህላዊ ምግቦች በብረት፣ በአሉሚኒየምና በሸክላ ድስት እየሠሩ ለኩ። ጠቅላላውም ሆነ ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው አይረን ብልጫ የነበረው በብረት ድስት የተሠራው ምግብ ላይ ነው። ልዩ የሆነው ጥራጥሬ ብቻ ነበር፤ በጥራጥሬ ምግቦች ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው አይረን በሦስቱም ድስቶች ልዩነት አልነበረውም። ጥራጥሬ ማለት ደግሞ ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ አተር ክክ ነው፤ የአብዛኛው ቤት የዕለት ወጥ። በብረት ድስት የተሠራ ሽሮ ውስጥ ተጨማሪ አይረን ይገባል፤ የጥራጥሬው ፋይቴት ግን አስሮ ያስቀረዋል። ድስቱን ለመጠቀም የሚሻ ቤት ጎመኑን፣ ቲማቲም የበዛበትን ሥልስና ሥጋ ካለም የሥጋ ወጡን በብረት ድስት ቢሠራ ይሻለዋል። ከሽሮው ጋር ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ወይም ቃሪያ ቢቀርብ ደግሞ ቫይታሚን ሲው የታሰረውን አይረን በከፊል ይፈታዋል።

ከድስት ብረት የሚያወጣው አሲድ፣ ውኃና ጊዜ ነው። ኮምጣጣና ቀጭን መረቅ ያለው ምግብ ከደረቁ ይበልጣል፤ ረጅም ጊዜ የተቀቀለ ፈጥኖ ከወረደው፣ እየተማሰለ የተሠራም ዝም ብሎ ከተቀቀለው ይበልጣል። አሉሚኒየም በላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስላለው ይህን ያህል አይሟሟም። የሟሟውም ቢሆን ከመቶ አንድ እጁ እንኳ ወደ ደም አይገባም፤ ጤነኛ ኩላሊትም ያስወጣዋል። አሉሚኒየም ንጹሕ ከሆነ ለልጁ አይጠቅምም፣ እምብዛምም አይጎዳውም።

የብረት ድስት ሐሳብ ሌላ አገር ሲሞከር ያን ያህል አልቀናውም። በማላዊ ገጠር በተደረገ ጥናት ቤተሰቦች ድስቱን መጠቀም ቀስ በቀስ እየተዉ ሄዱ፤ ይከብዳል፣ ይዝጋል አሉ። በካምቦዲያ ድስቱን በመተው ከወጥ ጋር የሚቀቀል የዓሣ ቅርጽ ያለው ብረት ታደለ፤ መጀመሪያ ተስፋ ቢሰጥም በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሰፋ ያለ ሙከራ በሂሞግሎቢን ላይ ለውጥ አላገኘም። ምክንያቱ ብረቱ አልነበረም፤ በዚያ አካባቢ ብዙው ደም ማነስ ከአይረን እጥረት ይልቅ በዘር ከሚወረስ የሂሞግሎቢን ችግር የመጣ ነበር። ኢትዮጵያም ውስጥ ወባ፣ የአንጀት ትላትልና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ድርሻ አላቸው። አይረን ያልጎደለውን ልጅ አይረን አያድነውም።

መብዛቱም ጉዳት አለው። በደቡባዊ አፍሪካ ገጠሮች ለብዙ ትውልድ ቢራ ሲጠመቅ የኖረው በብረት በርሜል ነበር፤ ኮምጣጣው ጥንስስ ለቀናት በርሜሉ ውስጥ ሲቆይ ያወጣው አይረን በጠጪዎቹ ጉበት ላይ ተከማችቶ ከባድ ሕመም አስከትሏል። ወጥ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚቆይና ልጁም የሚበላው ጥቂት ስለሆነ ይህ ስጋት ለድስት አይሠራም። ከተጣለ በርሜል በተሠራ ዕቃ ጠላ ወይም እርጎ ማስቀመጥ ግን የተለየ ነገር ነው። ዚንክ የተቀባ ባልዲም ቢሆን ኮምጣጣ መጠጥ ከቆየበት ማስታወክና የሆድ ቁርጠት ያስከትላል።

ከሁሉ የከፋው እርሳስ ነው። ጄፍሪ ዋይደንሀመር የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ መጀመሪያ ከካሜሩን፣ ቀጥሎም ኬንያና ታንዛኒያን ጨምሮ ከአሥር አገሮች የተሰበሰቡ፣ ከቁርጥራጭ የተሠሩ የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን መረመሩ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት በዚህ በሁለተኛው ጥናት ከ42 ዕቃዎች ሲሶ ገደማው ለጤና አስጊ የሆነ እርሳስ ወደ ምግብ የሚለቅ ሆኖ ተገኘ። እርሳሱ የሚመጣው አብሮ ከሚቀልጠው ነው፦ ከሞተር ቁርጥራጭ፣ ከራዲያተር፣ በእርሳስ ከተበየደ ዕቃ፣ ቀለም ከተቀባ ብረት፣ አንዳንዴም ከባትሪ ቅሪት። ቀላጩ ሠራተኛ ክፋት የለበትም፤ ማቅለጫው ውስጥ የገባውን በዓይኑ የሚለይበት መሣሪያ የለውም። ድስቱም ሲሸጥ ያብለጨልጫል። በመቀቀል፣ በአመድ በመፈተግ ወይም በማሟሸት እርሳስ ከውስጡ አይወጣም፤ በመሣሪያ ሳይለኩትም ከጤነኛው መለየት አይቻልም።

እርሳስና አይረን በልጁ አንጀት ውስጥ በአንድ በር ይገባሉ። አይረን የጎደለው ሰውነት በሩን ወለል አድርጎ ስለሚከፍት እርሳሱም አብሮ ይበዛል፤ ደም ማነስ ያለበት ልጅ ይበልጥ የሚመረዘው በዚህ ምክንያት ነው። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ የሚያስገባው ከአዋቂ በአራትና በአምስት እጥፍ ይበልጣል። እርሳስ ደግሞ በተራው ሂሞግሎቢን እንዳይሠራ ያግዳል፣ ከአጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል፣ ከሁሉ በላይ ግን የሚጎዳው ገና በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት ከዓለም ልጆች አንድ ሦስተኛው፣ 800 ሚሊዮን ገደማ፣ በዴሲሊትር ደማቸው 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ አለባቸው ብለዋል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን በ2006 (እ.ኤ.አ.) መባቻ ካቆሙ ወዲህ ዋናዎቹ ምንጮች የባትሪ መልሶ ማቅለጥ፣ ቀለምና የማብሰያ ዕቃ ሆነዋል።

ይህ አደጋ ወጡ ላይ ሳይደርስም ይጀምራል። ብረት የሚቆርጥ፣ የሚሞርድና የሚያቃጥል ሠራተኛ ልብሱና ጫማው ላይ ብናኝ ይዞ ቤቱ ይገባል። ዳዴ የሚል ልጅ መሬት የነካ እጁን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ አባቱ ከሥራ ቦታ ያመጣውን እሱ ይበላዋል። ሠራተኛው ልብሱን ሥራ ቦታ ቀይሮና እጁን ታጥቦ ቢወጣ ይህ መንገድ በአብዛኛው ይዘጋል፤ ለዚያ ግን መቀየሪያ ክፍልና የቧንቧ ውኃ ያስፈልጋል።

የአገር ሸክላ በዚህ ረገድ ምስጋና ይገባዋል። በሜክሲኮ የተለመደው የሸክላ ዕቃ የሚያብለጨልጨው እርሳስ ባለበት ቅብ ስለሆነ ለብዙ ልጆች መመረዝ ምክንያት ሆኗል። የኢትዮጵያ ሸክላ ድስት ግን ቅብ የለውም፤ የሚሟሸው በዘይት፣ ምጣዱም በጎመን ዘር ነው። አይረን ባይለግስም መርዝ አያስገባም። ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ብዙ ከሰል ይበላል፤ ድሃ ቤቶች ሸክላን ትተው ወደ አሉሚኒየም የዞሩትም ስለሚሰበር ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው።

መንግሥት የመረጠው መንገድ በድስት ሳይሆን በዱቄት በኩል ያልፋል። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቀረት ግብ አስቀመጠ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፋብሪካዎች የስንዴ ዱቄትን በአይረንና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲያበለጽጉ ግዴታ የሚጥል ደረጃ ወጣ። ዳቦ ለሚበላው የከተማ ልጅ ይህ ከድስት የሰፋ መንገድ ነው። በሠፈር ወፍጮ የሚፈጨው ጤፍና በቆሎ ግን ከፋብሪካ አያልፍምና የገጠሩን ልጅ አይደርሰውም፤ የብረት ድስትም ሊያግዘው የሚችለው እሱን ነው።

በዱቄት የሚጨመር አይረን በድስት የሚገባውን እርሳስ አያስቀረውም። በአሜሪካ 780 ልጆችን ያካተተና በ2001 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሙከራ እርሳስን ከደም የሚያወጣው መድኃኒት መጠኑን ቢቀንሰውም የልጆቹን የአእምሮ ፈተና ውጤት እንዳላሻሻለ አረጋግጧል። የሚቀረው መከላከል ነው። ለዚህም ባትሪ፣ ራዲያተርና ቀለም የተቀባ ብረት ወደ ማቅለጫ ከመግባቱ በፊት በመልቀሚያው ላይ መለየት አለበት፤ ለማብሰያ ዕቃ የእርሳስ መጠን ገደብ ሊወጣለት፣ የሚቆጣጠረው አካልም በእጅ የሚያዝ መመርመሪያ ይዞ ወደ ገበያው ሊወርድ ይገባል። እስከዚያው ድስት የሚገዛ ሰው ከምን እንደቀለጠ ሻጩ የማይነግረውን አሉሚኒየም ትቶ ማግኔት የሚስበውን ጥቁር ብረት ወይም ሸክላውን ይግዛ።